የራህመት ሻንጣና የአያ እንድሪስ ጠረጴዛ

ሠርግ ደግሶ፣ የዘፋኙን ስም ሲያማርጥ ሰንብቶ፣ ድንኳን መትከል የረሳ ሰው ሲያጋጥም በኮምቦልቻ የሚነገር አንድ አባባል አለ። ዛሬ ደሴም ወልዲያም ይሉታል። ባለፈው ወር ደግሞ በሬዲዮ ሰማሁት። ተናጋሪው ድምፁን አጎርንኖ፣ አባባሉ ከጥንት መሳፍንት ችሎት የወረደ ነው ብሎ አብራራ። የትኛው መስፍን፣ የትኛው ችሎት፣ ማን ሰምቶ ለማን ነገረው፣ አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። የማያውቀውን ነገር ሁሉ ጥንታዊ ያደርገዋል፤ ጥንት ተነሥቶ አይከራከረውማ።

ይህ አባባል ግን ምስክር አለው፤ አንዱ እኔ ነኝ። የተወለደው ከቤቴ አጠገብ፣ በአያ እንድሪስ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። መስፍን አልነበረም። የነበርነው አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ልጆቹ፣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌርና እኔ ነን። ነገሩ የተነሣውም በኮምፒውተር ለሚደረግ የመኪና ውድድር በተገዛ መሪ ነው። በዚህ የሚስቅ ካለ ይሳቅና ይጨርስ፤ እጠብቀዋለሁ። የሚቀጥለውን ሰምቶ ከሳቀ ግን ከእኔ ጋር አንነጋገርም።

የአያ እንድሪስ ልጅ ዘምዘም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ትሠራ ነበር። ወንድሟ ይመር ከአባቱ ስፌት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ጌም ቤት አለችው። ዘምዘም ከፈረቃ ስትወጣ ልብሷን ሳትቀይር እዚያ ትገባና መኪና ትነዳለች። በመጀመሪያ የሰፈሩ ወንዶች ሳቁባት፤ ቀጥሎ ተሸነፉላት፤ ከዚያ በኋላ እሷ ስትመጣ ወንበሩን ለቀው ከኋላዋ መቆም ጀመሩ። የምትነዳበት መሪ እጅግ ያረጀ ነበር። በውስጡ ያሉት ጥርሶች ተበልተው ሲዞር እንደ ወፍጮ ይንጓጓል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ባዶ ነው፤ ትንሽ ቢያዞሩት መኪናው አይሰማም። በዚያ መሪ ማሸነፍ በአንካሳ በቅሎ ጉግስ መግጠም ነው። እሷ ግን ታሸንፍበት ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የመኪና ስፖርት ክበብ ውድድር አወጀ። ተወዳዳሪው በየከተማው ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ይገናኛል። ከእኛ አካባቢ ከተሞች አንደኛ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ተወስዶ፣ ዓመቱን ሙሉ በእውነተኛ መኪና፣ በእውነተኛ መንገድ ይሠለጥናል። ዕድሜው ከሃያ ሁለት ያለፈ አይመዘገብም። ዘምዘም በሚቀጥለው መስከረም ሃያ ሦስት ይሞላታል። ስለዚህ ለእሷ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን አንድም ቀን አፍ አውጥታ አላለችም፤ ግን እህል መብላት ቀነሰች።

ይመር ይህን አይቶ ማለ። «አዲስ መሪ ካላመጣሁልሽ ጌም ቤቷን ዘግቼ በግ እሸጣለሁ» አላት።

አሁን የወጣው መሪ እንደ ድሮው አይደለም። ዳይሬክት ድራይቭ ይሉታል። ጥርስ የለውም፣ ቀበቶ የለውም፤ መሪው በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ይታሰራል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያውቀውን ሁሉ እጅ ያውቃል፤ ጎማው ሊከዳ ሲል ከመክዳቱ በፊት ይሰማል። ድሮ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ አሁን ለጀማሪ የሚሆን፣ ድሃም ሊደፍረው የሚችል ዓይነት ወጥቷል። ለጀማሪ ከሚባሉት መካከልም ትንሽ ጉልበት ያለውና ትልቅ ጉልበት ያለው አለ። ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ዕቃው በፖስታ ቢታዘዝ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ዕቃ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። የይመር አክስት ልጅ ራህመት ዱባይ ትሠራለች፤ ለዒድ ልትመጣ ነው። የራህመት ሻንጣ የራህመት ብቻ አይደለም፤ የዘመድ ሁሉ ነው። እናቷ ብርድ ልብስ ብላለች፣ አጎቷ ተምር ብሏል፣ ሦስት ሙሽሮች ጫማ ብለዋል። የሻንጣ ኪሎ በእኛ አገር እንደ መሬት ይከፋፈላል፤ ወንድም ከወንድሙ ይጣላበታል። አንድ ጊዜ ከተዘጋ ደግሞ ያው ነው፤ የመጣውን ዕቃ አልሆነኝም ብሎ የሚመልስበት አገር የለም።

ራህመት ዱባይ፣ መሪው ከሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ቆማ የደወለች ዕለት ሁላችንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ነበርን። ይመር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ በአባቱ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ያ ጠረጴዛ ዋንዛ ነው፤ ከልጆቹ በፊት ቤቱ የገባ፣ የሰፈሩ ሰው ግማሹ የሠርግ ልብሱ የተቆረጠበት። አያ እንድሪስ በአንዱ ጫፍ የዒድ ጀለቢያ ይቆርጣሉ። ታፈሰ የሚባለው ጎረቤታችን፣ ዕድሜውን ከጅቡቲ ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሾፌር፣ በሌላው ጫፍ ክርኑን አስደግፎ ቆሟል።

«ይመር፣ ሁለት ካርቶን ፊቴ አለ» አለች ራህመት። «ትንሹ ሞተር ከመሪው ጋር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚጠፈርበት ማሰሪያም በውስጡ አለ። ትልቁ ግን ሞተሩና መሪው ብቻ ነው። ማሰሪያው ለብቻው ይሸጣል፤ ድፍን ብረት ነው። ከትልቁ ጋር እሱ አይገባልኝም።»

«ብርድ ልብሱን ብታወጪውስ?» አለ ይመር።

«የእናቴን ብርድ ልብስ አውጥቼ ያንተን ብረት ልክተት? ኤርፖርት ሳልደርስ ትረግመኛለች። ቶሎ በል፣ ሰውየው እያየኝ ነው።»

ይመር ለሳምንታት እንቅልፍ አልነበረውም። በቴሌግራም ያላነበበው፣ ያልጠየቀው ሰው የለም። ከኮምፒውተሩ ጋር ይግባባል ወይ፣ የእኛን መብራት ይችላል ወይ፣ ይሞቃል ወይ፣ የድሮው ፔዳል አብሮት ይሠራል ወይ፣ ሁሉን አጣርቷል። እጁ ላይ ጭንቀት ብጉር አውጥቶበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልወሰነም፤ ትንሹ ወይስ ትልቁ። ጠዋት ትንሹ ይላል፤ ማታ ትልቁ ይላል። ዘምዘምም እንደዚያው ነበረች።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት።

«ትንሹ የሚበቃኝ ይመስለኛል» አለች። ቀጥላም «ግን ጀማል ትልቁን ገዝቶ ቢሆንስ?» አለች።

ጀማል የደሴ ልጅ ነው። በመላ አካባቢው እሷን ማሸነፍ የሚችል እሱ ብቻ ነበር።

«ደሴ ትልቁን ይዞ ኮምቦልቻ ትንሹን?» አለ ታፈሰ። «ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች። መሪ ማለት ጉልበት ነው። እኔ በዚህ ክንድ ነው ተሳቢ ያዞርኩት።»

«ጋሽ ታፈሰ፣ የእርስዎ መኪና መሪ በአንድ ጣት ነው እኮ የሚዞረው» አለችው ዘምዘም።

«የዛሬው ነው። የድሮውን ብታዪ ታለቅሺ ነበር።»

«እሺ፣ ትልቁ ቢመጣ በምን ይታሰራል?» አለች። ይህን ጠይቃለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ «ማንም አላሰበውም» የሚል ሰው አለ፤ ይዋሻል።

ታፈሰ ሳቀ። «ብረት ከዱባይ? በኮምቦልቻ? የእኛ በያጆች የተሰበረ የከባድ መኪና ቻንሲ ቀጥለው ጅቡቲ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ለአንዲት ማሰሪያ ሻንጣ ልናጣብብ ነው? ሐሰን በግማሽ ሰዓት ይበይድልሻል፤ ሻይ እየጠጣ።»

«ይመር» አለች ራህመት ከስልኩ ውስጥ፣ «ሰውየው ካርቶኑን ወደ ቦታው እየመለሰው ነው።»

ይመር ወደ አባቱ ዞረ። ግራ ሲገባው እንደዚያ ያደርጋል። አያ እንድሪስ መቀሱን ከጨርቁ ሳያወጡ ቀና አሉ። «እዚህ የማይገኘው ይምጣ፤ የሚገኘው እዚህ ይሠራል» አሉ። ቅን ነገር ነበር። ቅን ነገር ሁሉ ልክ ነው ያለው ማን ነው?

«ትልቁን» አለ ይመር።

ማሰሪያው ዱባይ ቀረ። ጉልበት ገዛን፤ ጉልበቱ የሚቆምበትን ትተን። በኋላ ሰው ሁሉ ብልህ ሆኖ ይህን ይነግረኛል። ያን ዕለት ግን ስልኩ ሲዘጋ ሁላችንም ትልቅ ሸክም የወረደልን መስሎን ነበር።

ሸክሙ አልወረደም። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ራህመት ረቡዕ ትደርሳለች ተብሎ ነበር፤ በረራዋ ተቀይሮ ሐሙስ ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ስትሳፈር ደግሞ መንገድ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ፈነዳበት። ይመር በየሰዓቱ ይደውላል፤ እሷ «ቁጭ ብዬ ጎማ እያየሁ ነው፣ አንተ ብትመጣ ቶሎ አይቀየርም» ትለዋለች። ዘምዘም ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ ቤት ዋለች። አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ የተከለችውን አይተው አያ እንድሪስ ዝም ብለው ይፈቱታል፤ እንደገና ትተክለዋለች።

ካርቶኑ የደረሰው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ይመር እንደ አራስ ልጅ ተቀበለው። ሞተሩ ጥቁር፣ ትንሽ፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ነገር ነው። የታችኛው ሆዱ ላይ የብሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ ሌላ መያዣ የለውም። ይመር ብድግ አድርጎት ወደ ሐሰን ብየዳ ቤት ሮጠ።

ሐሰን በሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ታፈሰ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ብየዳው ግን ዝም ብሏል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

«መቼ ይመጣል?» አለ ይመር።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለው ሐሰን። «ሲመጣ ና። ቻንሲም እየጠበቀ ነው።»

መብራት አልመጣም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይመር ተመልሶ ጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። በውስጥ ያሉት ጠረጴዛዎች በተጫነ እንጨት ብናኝ የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ሲደገፋቸው ይጎብጣሉ። ዘምዘም አጠገቡ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የድሮውን መሪ ታየዋለች። የድሮው መሪ የራሱ ማሰሪያ ነበረው።

«ከእሱ ጋር ልወዳደር» አለች በመጨረሻ።

«አበደች» አለ ይመር። «ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣውን በካርቶን አስቀምጠን?»

ያኔ አያ እንድሪስ ተነሡ። ጀለቢያዎቹን አጣጥፈው ወንበር ላይ ቆለሉ። የመቁረጫ ጠረጴዛቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ? በሬ ቢወጣበት አይነቃነቅም» አሉ። «ለአንድ ቀን ውሰዱት። እሑድ ግን እፈልገዋለሁ፤ ዒድ ደርሷል።»

ልጆቹ ጠረጴዛውን ያውቁታልና ደነገጡ። በልጅነታቸው በእሱ ላይ እርሳስ እንኳ ማስቀመጥ አይፈቀድላቸውም ነበር።

«አባ፣ ልንበሳው ነው እኮ» አለች ዘምዘም።

«ልብስ ሳይበሳ ይሰፋል?»

ታፈሰ ከመኪናው የወለቀ ላሜራ አመጣ፤ በሞተሩ ላይ እንደ ቀበቶ ሊታጠቅበት። በእጅ የሚዞር መብሻ ትራፓኖ ከጎረቤት ተዋስን። በኩራዝና በስልክ መብራት ሥራው ተጀመረ። ቀዳዳ የት የት እንደሚበሳ ምልክት ያደረጉት አያ እንድሪስ ራሳቸው ናቸው። ነጩን ጠመኔያቸውን አውጥተው፣ ማስመሪያውን አጋድመው፣ ከጠረጴዛው ዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመሩ። የሞተሩ ብሎንም የላሜራው ብሎንም በዚያ መስመር ላይ እንዲውል አደረጉ፤ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ እኩል እኩል ተራርቆ፣ ለዓይን የሚያምር። መስመሩ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ነበር የሄደው። ጨርቅ በክሩ አቅጣጫ በቀላሉ እንደሚቀደድ እሳቸውን የሚያህል የሚያውቅ በኮምቦልቻ የለም። ያን ምሽት ግን ፊታቸው የነበረው ጨርቅ አልነበረም፤ እጃቸውም የለመደውን አደረገ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መብራት መጣ። ይመር ወደ ሐሰን ቢሮጥ ሦስት ሰው ቀድሞታል። ተመልሶ ከጌም ቤቱ ወደ ስፌት ቤቱ ያሻገረውን ኮምፒውተር አስነሣ፤ ዘምዘም ተቀመጠች፤ መሪውን ያዘች። አንድ ዙር ነዳች። ፊቷን አየሁት። ከፋብሪካ የምትወጣዋ፣ ስትጠራ ዘግይታ «አቤት» የምትለዋ ልጅ አልነበረችም።

«አባ» አለች ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አስፋልቱ ይሰማኛል።»

አያ እንድሪስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። አስፋልት ይሰማኛል የምትል ልጃቸው ገና ምንም መኪና ነድታ አታውቅም።

ከዚያ ጠረጴዛው ጮኸ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ በር በነፋስ ሲገፋ የምትሰማ ዓይነት። ዘምዘም ሰማች። «ጉልበቱን በግማሽ ልቀንሰው» አለች። ይህ በስክሪኑ ላይ በጣት የሚደረግ ነገር ነው፤ ሞተሩ በግማሽ ጉልበቱ ይሠራል።

«ግማሹን?» አለ ታፈሰ። «ታዲያ ትንሹን አናስመጣም ነበር?»

ይመር እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። «ብሎኑ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» አለ። ሰውን ለሳምንታት ያሳበደ ምርጫ፣ የተመረጠው ሁሉ ካልተሠራበት ያማል። ዘምዘምም እጇን ወደ መሪው መለሰች፤ እሷም ያንን ጉልበት ቀምሳዋለች።

ከአሱር በኋላ ውድድሩ ተጀመረ። ስፌት ቤቱ ሰው ሞላው፤ ይመር ከእኛ በቀር ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጣ። ኢንተርኔቱ ያን ቀን ታማኝ ሆነ። ዘምዘም ሦስተኛ ተነሥታ ቶሎ ሁለተኛ ሆነች። ከዚያ ከፊት ይመራ የነበረውን የወልዲያ ልጅ በረጅሙ ኩርባ ላይ ከውስጥ ገብታ አለፈችው፤ ውጭ የቆመው ሰው በመስኮት አይቶ አጨበጨበ። አንደኛ ሆነች። ጀማል ከኋላዋ ነበር፤ እንደ ጥላ ተለጥፎባታል።

በዚያ ረጅም ኩርባ ዳር መንገዱ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ፈጣን ሰው ጎማውን በእሱ ላይ ካላስኬደ ጊዜ ይጠፋበታል። ዘምዘም በየዙሩ ትረግጠው ነበር። በረገጠችው ቁጥር ሞተሩ መሪውን ይመታል፤ መሪው ክንዷን ይመታል፤ ክንዷ ይችለዋል። ጠረጴዛው ግን ጥቅ ይላል።

እኔ ከጎን ቆሜ ነበር። ነጩን የጠመኔ መስመር አየሁት። ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ብሎን፣ በነጩ መሃል፣ ቀጭን ጥቁር ክር ተስቦ ነበር። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። በሚቀጥለው ዙር ክሩ ረዘመ።

አያ እንድሪስን አየሁ፤ እሳቸውም እያዩት ነው። ብንናገር እሷ ትደነግጣለች፤ ባንናገር ይሰነጠቃል። አያ እንድሪስ ሁለት መዳፋቸውን ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አድርገው እንደ ቁስል ገጥመው ያዙት። ይመር አባቱን አይቶ ቀስ ብሎ ተንበርክኮ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ በጀርባው ደገፈው። ታፈሰ ያን ሁሉ ሆዱን ጫፉ ላይ ጣለ። እኔ የቀረውን ጠርዝ ያዝኩ። አራት ሰው አንዲት ጠረጴዛ ታቅፈናል፤ ዘምዘም ከመሃላችን ትነዳለች።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ምንም፤ ንጂ» አሉ አባቷ።

«ስንት ዙር ቀረ?» አለ ይመር ከሥር።

«ሁለት» አልኩት።

«ያ አላህ።»

አንዱ ዙር አለቀ። በመጨረሻው ዙር ረጅሙ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ጀማል ሊያልፍ ከውስጥ ገባ። ዘምዘም መስመሯን አልለቀቀችም፤ ልክ ነበረች፤ መስመሩ የእሷ ነበር። መኪናዎቹ በጎን ተነካኩ፤ የእሷ ጎማ በዚያው ቅጽበት ጠርዙ ላይ ወጣ። ሞተሩ ያለውን ጉልበት ሁሉ አንድ ጊዜ ሰጠ። የሻንጣ ኪሎ የተከፈለበትን፣ የተከራከርንበትን፣ ግማሹ አይበቃንም ያልነውን ጉልበት ሁሉ።

ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ተቀደደ። ድምፁ እንጨት አይመስልም ነበር፤ ጥሩ ጨርቅ በሁለት እጅ ሲቀደድ የሚሰማው ነው። ፊተኛው ሳንቃ ከነሞተሩ ዘምዘም ጭን ላይ ወደቀ። መሪው በእጆቿ ውስጥ ግራና ቀኝ በራሱ ይወራጫል፤ እሷ ጭኗ ላይ ይዛው አሁንም ለመንዳት ትታገላለች። በስክሪኑ ላይ መኪናዋ አጥሩን መታና ቆመ። ጀማል አለፈ። የወልዲያው ልጅ አለፈ። ከዚያ ሌሎቹም አለፉ።

ታፈሰ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለ። መሪው ዝም አለ።

የዘምዘም ስልክ ጮኸ፤ ጀማል ነው። አነሣችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጭኗ ላይ ባለው ሳንቃ ላይ አስቀመጠችው።

«ዘምዘም፣ እኔ ነኝ እንዴ የጣልኩሽ? መስመሩ ያንቺ ነበር፤ ለዳኞቹ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«አንተ አይደለህም። ጠረጴዛው ነው።»

«ምን ጠረጴዛ?»

«ጀማል፣ አንተ የትኛው ሞተር ነው ያለህ?»

«ትንሹ ነዋ። ትልቁን ማን ይሸከመዋል? አባቴ ከብረት አልጋው ጋር በየደልኝ፤ አልጋው ደግሞ ከግድግዳው ጋር። እናቴ እስካሁን አልጋዬን መልሱ እያለች ነው።» ትንሽ ሳቀ፤ ከዚህ ወገን ሳቅ ሲያጣ አቆመ። «ያንቺስ ትልቁ ነው?»

«ትልቁ ነው» አለች፤ ስልኩንም ዘጋችው።

ታፈሰ «የዱባይ ዕቃ ድሮም...» ብሎ ጀመረና ዓይኔን ሲያይ ተወው። ደህና አደረገ።

ይመር ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ጀርባው ላይ የእንጨት ስንጥር ተሰክቷል፤ አላየውም። ከእህቱ ጭን ላይ ሞተሩን አነሣ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ዘንጉን በጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረ። ለሳምንታት የተጨነቀ ሰው ስለሆነ ከጭንቀቱ ሌላ የሚያየው አልነበረውም። ፊቱ ትንሽ ፈካ።

«አባ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሞተሩ ምንም አልሆነም።»

ዘምዘም ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ተነሥታ ከወንበሩ ላይ የተቆለሉትን የዒድ ጀለቢያዎች አንሥታ አቀፈቻቸው፤ የሚቀመጡበት ቦታ ፈለገች፤ አጣች፤ እንደታቀፈቻቸው ቆመች።

አያ እንድሪስ ከተሰነጠቀው ጠረጴዛቸው ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱን ሳንቃዎች ይዘው ስንጥቁን ለመግጠም ሞከሩ፤ ገጠመ፤ ሲለቁት ተለያየ። በሁለቱም ጠርዝ ላይ፣ እኩል ተከፍሎ፣ የራሳቸው የጠመኔ መስመር ነበር። ጣታቸውን በነጩ ላይ አስኬዱት፤ የጣታቸውን ጫፍ አዩት። ወደ ልጃቸውም፣ ወደ ታፈሰም፣ ወደ እኔም ተራ በተራ ተመለከቱና፣ ማንንም ለይተው ሳይነኩ፣ ራሳቸውንም ሳያወጡ እንዲህ አሉ፦ «ለመሪው ሲጨነቁ፣ ጠረጴዛውን ሰነጠቁ።»